ባዶ ሆኖ የሚመለስ ትሪ

የሚወዱትን ሰው ማብላት ደግ ነገር ነው። ይህን የሚክድ ሰው በቶንጋ ምድር ቢገኝ እንኳ ምሳውን ሳይበላ የዋለ መሆን አለበት። ችግሩ የሚመጣው ማብላቱን አጥብቀን ይዘን መጠየቁን ስንረሳ ነው። ሌሲኤሊ የረሳችው ይህንኑ ነበር፤ በዚህም የተነሳ ብቸኛ ወንድሟ እግሩን ሊያጣ ምንም አልቀረውም ነበር።

ሌሲኤሊ ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት፣ ድምፀ ጎርናናና ሳቂታ ሴት ናት። በመንደሩ የእሁድ ምሳ ሲነሳ ስሟ አብሮ ይነሳል። ጎህ ሳይቀድ ጓሮ ወርዳ የምድጃ ጉድጓዱ ውስጥ ድንጋይ በእሳት ታግላለች። የበግ ጎን ሥጋ ከነጮማው ትከትፋለች፣ ሽንኩርት ታክልበታለች፣ ወፍራም የኮኮናት ወተት ታፈስበታለች። ከዚያ በጎደሬ ቅጠል ጠቅልላ፣ ከቦዬና ከካሳቫ ጋር በጋለው ድንጋይ ላይ ደርድራ አፈር ታለብሰዋለች። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት ሲያበቃ ምሳውም ይደርሳል። ከጥቅልሎቹ ትልልቆቹ ለማን እንደሆኑ መጠየቅ አያስፈልግም። ለፌኪ ናቸው።

ፌኪ ከሷ በታች የተወለደ ብቸኛ ወንድሟ ነው። በሥራ ቀን አውቶቡስ ይነዳል፣ እሁድ ደግሞ የመዘምራኑ መሪ ነው። ቤቱ ከቤቷ ሦስት አጥር ብቻ ይርቃል። ሆኖም በቶንጋ ልማድ ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አይቀላለዱም፤ ስለ ሰውነትና ስለ ሕመምማ ጨርሶ አይነጋገሩም፣ ነውር ነው። እህት ደግሞ ሁልጊዜ ከወንድሟ በላይ ናት። የላከችውን አልፈልግም ማለት እሷን መናቅ ነው። ስለዚህ ሌሲኤሊ ወንድሟን የምታናግረው በትሪ ነበር። ሚስቱ ናይቴ እሁድ እሁድ መጥታ ትሪውን ሞልታ ትወስዳለች፤ ሰኞ ባዶውን አጥባ ትመልሳለች።

"ጨረሰው?" ትላለች ሌሲኤሊ።

"አንድም አልተረፈም እትዬ።"

"አልበቃውም ማለት ነዋ! ለሚመጣው እሁድ አንድ ጥቅልል እጨምራለሁ።"

እንዲህ እየተጨመረ ስንት ጊዜ ሄደ። ትሪው በሰፋ ቁጥር ፌኪም ሰፋ። እንደ አገሩ ወግ ከልብስ በላይ ወገቡ ላይ የሚታጠቀው ሰሌን አልደርስ ስላለ ናይቴ ቀጠለችበት። አውቶቡሱ ውስጥ ሆዱና መሪው ቦታ ይሻሙ ጀመር። በመጨረሻም ቆሞ መዝሙር መምራት ስላቃተው ወንበር ቀረበለት። መንደርተኛውም "መሪያችን ንጉሥ ሆነ፣ ዙፋን ላይ ተቀመጠ" እያለ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ሌሲኤሊ ይህን ስትሰማ ኮራች እንጂ አልደነገጠችም።

አንድ ማክሰኞ ግን ናይቴ ትሪ ሳትይዝ መጣች።

"ምነው? ማን ሞተ?" አለች ሌሲኤሊ።

"ማንም አልሞተም።" ናይቴ ግራና ቀኝ አየች። የባሏን የሰውነት ጉዳይ ለእህቱ መንገር በጣም አሳፈራት። "እግሩ ነው እትዬ። አውራ ጣቱ ሥር ያለው ቁስል አልድን አለ። ስኳሩም ክብደቱም ወጥቷል። ሐኪሙ ካልቀነስክ መጀመሪያ ጣቶችህ፣ ቀጥሎ እግርህ ይቆረጣል አለው።"

ሌሲኤሊ የያዘችውን ማራገቢያ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"እና ምን አደረጋችሁ?"

"ክሊኒክ ጀመረ። ሂና የምትባል ባለሙያ አለች። ምግቡንም ታስተካክላለች፣ ቁጭ ብላም የልቡን ታነጋግረዋለች። ጮማው፣ የቆርቆሮ ሥጋው፣ ለስላሳ መጠጡ ይቀነስ ብላለች። የሰሃኑ ግማሽ ቅጠላ ቅጠል..."

"ቅጠላ ቅጠል! ወንድሜ ፍየል ነው እንዴ?"

"እትዬ..."

"አባታችንን ታውቂው አልነበር? በር የሚያልፈው በጎኑ ዞሮ ነበር። ያየው ሁሉ ቤተሰብ ያለው ሰው መሆኑን ከሰውነቱ ያውቅ ነበር። ፌኪ ከስቶ በመንደር ሲያልፍ ሰው ምን ይላል? 'ይሄ ሰው እህት የለውም' ነው የሚለው!"

"እግሩስ?"

"እግሩ እንዲድን ጉልበት ያስፈልገዋል። ጉልበት ደግሞ ከምግብ ነው የሚመጣው፤ ከወሬ አይመጣም።"

እንዲህ የሚያስበው ሰው ብዙ ነው፤ ሌሲኤሊን ብቻ መውቀስ አይገባም። ሲያመን ሾርባ ይዞ የሚመጣ ሰው እንወዳለን፤ ስንከሳ "ምን ነካህ?" ይሉናል፣ ስንወፍር "ተስማምቶሃል" ይሉናል። ሌሲኤሊም ስለ ወንድሟ እግር ስትሰማ ፈራች። ስትፈራ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማብላት። በዚያው እሁድ ሁለት ጥቅልል ጨመረች።

ትሪው ባዶውን ተመለሰ።

ጥቂት ሳምንታት አልፈው፣ አንዲት ሴት ጃንጥላ ይዛ ወደ ሌሲኤሊ ቤት መጣች። ሂና ነበረች። ሌሲኤሊ ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት።

"ወንድሜን ሳር የምታበይው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ እማማ" አለች ሂና እየሳቀች። "ሳሩ ግን አልሠራም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይቀንሳል፣ እሁድ የቀነሰውን ከነወለዱ ይመልሳል። እሁድ ምን አለ ብዬ ጠየቅሁ፤ 'የእህቴ ምግብ' አለኝ። እንግዲህ ሄጄ ልቅመሰው ብዬ መጣሁ።"

ሌሲኤሊ እንግዳ በባዶ ሆድ የምትሸኝ ሴት አይደለችም። ከትናንት የተረፈ አንድ ጥቅልል አቀረበችላት። ሂና ቀስ ብላ በላች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ "እሱ ላይ መፍረድ አይቻልም" አለች። ሌሲኤሊ ሳትወድ በግድ ፈገግ አለች።

"አንቺ ራስሽ እኮ ደህና ሰውነት አለሽ። የሰው ወንድም ለምን ታከሻለሽ?"

"ከዚህ የባስኩ ነበርኩ። ስኳር እናቴን ስለወሰደብኝ ነው ይህን ሥራ የተማርኩት። እማማ፣ እርስዎን ለመውቀስ አልመጣሁም። ጥፋተኛ እየፈለግሁ አይደለም። ጋሽ ፌኪ ግን ሳይርበው ነው የሚበላው፤ ለምን እንደሆነ ሊነግረኝ ጀምሮ እርስዎ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል። ቢመጡልኝና አብረን ብንሰማው?"

"ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ልቀመጥና ስለ ሆዱ ላወራ? አብደሻል?"

"አንድ ክፍል አላልኩም። እሱ ውስጥ፣ እርስዎ በረንዳ። እኔ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። አንዳችሁም ሌላውን አታዩም፣ አንዳችሁም ሌላውን አታናግሩም። የምታናግሩት እኔን ነው።"

ሌሲኤሊ ይህን ነገር ከየትኛውም ወገን ገልብጣ ብታየው ነውር አላገኘችበትም። ነውር ስላላገኘችበትም ተናደደች። ሐሙስ ዕለት ግን ንጹሕ ልብሷን ለብሳ፣ ማራገቢያዋን ይዛ፣ በክሊኒኩ በረንዳ ላይ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ተቀመጠች።

ከውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። የወንድሟን ከባድ ትንፋሽም ሰማች። ከስንት ዓመት ወዲህ ይህን ያህል ቀርባው አታውቅም።

"ጋሽ ፌኪ፣ እሁድ ከሰዓት እንዴት እንደሚያልፍ ይንገሩኝ" አለች ሂና።

ፌኪ ጉሮሮውን ጠረገ። "ትሪው ይመጣል። ድሮ ስንመገብ ዘጠኝ ነበርን። ልጆቹ አንድ በአንድ ባሕር ማዶ ኦክላንድ ገቡ። አሁን እኔና ናይቴ ብቻ ነን፤ እሷ ደግሞ የምትበላው የወፍ ያህል ነው። ትሪው ግን ያው የዘጠኝ ሰው ነው፤ እንዲያውም ይጨምራል። ቤቱ ጭር ይላል። ጭር ሲል መብላት እጀምራለሁ። ስበላ ልጆቹ ያሉ ይመስለኛል።"

"ሲጠግቡስ?"

"እቀጥላለሁ። እትዬ ከሌሊት ተነስተው የለፉበትን ለአሳማ ልስጥ? ትሪው ምግብ ይዞ ከተመለሰ 'ናቀኝ' ይላሉ። እስኪያመኝ ድረስ እበላለሁ፤ ከዚያ አፍራለሁ፤ ሳፍር ደግሞ አውቶቡሴ ውስጥ ተደብቄ የቆርቆሮ ሥጋ እከፍታለሁ።"

በረንዳው ላይ ማራገቢያው ቆመ። ሌሲኤሊ ልትታገስ ሞከረች፤ አልቻለችም።

"ሂና! ንገሪልኝ! እኔ የምጨምረው ትሪው ባዶ ስለሚመጣ ነው በይው! ራበው ብዬ ነው! አንድ ጊዜ እንኳ ግማሹን ቢመልስልኝ ኖሮ እኔም እሁድ ጠዋት እተኛ ነበር! ወገቤ እኮ ተቆረጠ!"

 ከውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ሌሲኤሊ መጀመሪያ ሳል መስሏት ነበር። ፌኪ እየሳቀ ነበር። ሳቁ እየተንከባለለ መጥቶ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። አጠገቡ የተቀመጠችው ናይቴ ሳቀች፣ ሂናም በሩን ተደግፋ ሳቀች። ሌሲኤሊም ማራገቢያዋን አፏ ላይ ጭና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አንዱ እንዳይከፋት ሲበላ፣ ሌላዋ እንዳይርበው ስትጨምር፣ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ተጋግዘው አንድ እግር ሊበሉ ነበር።

ሳቁ ሲያልቅ ፌኪ ቀስ ብሎ ተናገረ። "ሂና፣ ለእትዬ የማልነግራቸው አንድ ነገር አለ። ፈርቻለሁ። አባታችን መጀመሪያ ጣቱን ነበር የቆረጡት። ከዚያ እግሩን። ከዚያ ሁለት ዓመት እንኳ አልቆየም። እኔ አሁን በሱ ዕድሜ ላይ ነኝ።"

ሌሲኤሊ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የአባቷን ግዝፈት ለሰው ሁሉ ስታወራ ኖራለች፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ግን ለማንም አውርታ አታውቅም፣ ለራሷም ቢሆን። ወንድሟን ምን ያህል እንደምትወደው በዚያች ሰዓት ገባት፤ ፍቅሯ ሊገድለው እንደነበረም ገባት።

"ምን ላድርግ?" አለች ወደ ሂና ዞራ። "አትላኪ ካልሽኝ እሞታለሁ።"

"ይላኩ እንጂ! ለሁለት ሰው የሚሆን፣ ዓሣ ያለበት፣ ጮማ የሌለው። እሱ ደግሞ ሲጠግብ ያቆማል። ትሪው ምግብ ይዞ ከተመለሰ 'ጠገብኩ፣ አመሰግናለሁ' ማለቱ ነው፤ ተስማማን?"

"ተስማማን" አለ ድምፅ ከውስጥ።

ነገሩ በአንድ ቀን የሚያልቅ መስሎ እንዳይታያችሁ። ሌሲኤሊ መጀመሪያ የሠራችው የዓሣ ጥቅልል ለጠላት እንኳ የሚሰጥ አልነበረም። ጨው ረስታ፣ የኮኮናት ወተቱን ጨርሳ ትታው፣ ደረቅ ቅጠል አድርጋ ላከችው። ትሪው እንዳለ ተመለሰ።

"ምን አለ?" አለች ናይቴን።

"ጠገብኩ፣ አመሰግናለሁ አለ" አለች ናይቴ ከንፈሯን ነክሳ።

"ውሸታም!" ብላ ሳቀች ሌሲኤሊ፣ እና እልህ ያዛት። ወተቱን አቅጥና በጥቂቱ መለሰችው፤ ሎሚና ቃሪያ ጨመረች፤ የባሕር ዓሣ ከጎደሬ ቅጠል ጋር እንዴት እንደሚስማማ እጇ እስኪያውቀው ድረስ ሠራችው። ፌኪም በበኩሉ ወደቀ፣ ተነሳ። አንድ ሳምንት አውቶቡሱ ውስጥ ሦስት ቆርቆሮ ሥጋ ከፍቶ በላና ክሊኒክ መሄድ አፈረ። ሂና ራሷ አውቶቡሱ ድረስ መጥታ ተሳፈረች። "ምን በሉ" አላለችውም፤ "ያን ቀን ምን ሆነው ነበር?" ብላ ጠየቀችው። የመጨረሻ ልጁ ለበዓል አልመጣም ብሎ ደውሎ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ጭር በሚልበት ሰዓት ለልጆቹ ራሱ እየደወለ መዝሙር ያስጠናቸው ጀመር፤ ኦክላንድ ያሉት ጎረቤቶች ምን እንዳሉ ግን አልተሰማም።

ትልቁ ፈተና የመጣው በቤተ ክርስቲያኑ ዓመታዊ ጉባኤ ነው። ረጃጅሙ ገበታ ተዘረጋ፣ ጥብስ አሳማው፣ ዓሣው፣ ኬኩ በላይ በላዩ ተደረደረ። የዕለቱ ጋባዥ ቶኪ ነበር፤ ልበ ቀና ሰው ነው፣ ምላሱ ግን አያርፍም። ፌኪን ሲያየው እጁን ዘረጋ።

"ወገኖቼ! መሪያችን እየሳሳብን ነው! ሰሌኑ ሁለት ዙር እየዞረው ነው! ዓይናችን እያየ ሊጠፋ ነው እንዴ?" አለና አንድ ሙሉ ጥብስ አሳማ አንስቶ ፌኪ ፊት አስቀመጠ። "ይህን ሳትጨርስ አትነሳም! እምቢ ካልክ እኔንም ቤቴንም ሰደብክ!"

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ፌኪ አሳማውን አየ፤ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። በጋባዥ ፊት እምቢ ማለት አይቻልም። እጁ ወደ አሳማው ሲሄድ ሌሲኤሊ ከሴቶቹ መካከል ሆና አየችው። ስለ እግሩ መጮህ አትችልም፤ ስለ ሰውነቱ በአደባባይ አንድ ቃል ብትናገር ሁለቱም ይዋረዳሉ።  ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ተነሳች።

"ቶኪ! ያ አሳማ የኔ ነው።"

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

"እህቱ ነኝ። ከወንድሜ ፊት ያለው ሁሉ የኔ ነው። አምጣልኝ።"

ይህን የሚከራከር ሰው የለም። እህት ከወንድሟ የፈለገችውን ትወስዳለች፤ ከጥንት የነበረ መብቷ ነው። ቶኪ አፉን ከፍቶ፣ መልሶ ዘግቶ፣ አሳማውን ተሸክሞ አመጣላት።

"ያንንም የበግ ሥጋ።"

መጣ።

"ኬኩንም።"

"ኧረ ይቺ ሴትዮ ምን ሆድ አላት!" አሉ አንዲት አሮጊት፤ ገበታው በሳቅ ፈረሰ። ሌሲኤሊ ደረቷን ነፍታ የዘረፈችውን በሙሉ ለወጣቶቹ ዘማሪዎች አደለች። ፌኪ ፊት የቀረው ዓሣ፣ ፓፓያና ጎደሬ ቅጠል ብቻ ነበር። አንገቱን ደፍቶ በላ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ የገባቸው ሌሎች እህቶችም በየድግሱ እየተነሱ ወንድሞቻቸውን ይዘርፉ ጀመር። ቶኪም አልቀረለትም፤ ሁለት እህቶች አሉት።

ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ናይቴ በአጥሩ በኩል እየሮጠች መጣች። ሰሌኗ ተፈትቶ ትጎትተዋለች።

"ገጠመ! እትዬ ገጠመ! ሐኪሙ አየው፤ ቁስሉ ድኗል! እግሩን አይቆርጡትም!"

ሌሲኤሊ አቅፋት አለቀሰች። ወዲያው እንባዋን ጠርጋ ወደ ጓሮ ተጣደፈች፤ ድንጋይ ልታግል፣ ልትጠብስ፣ ልትጠቀልል። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ጥቂት አሰበችና ወደ ናይቴ ዞረች።

"ሄደሽ ጠይቂልኝ" አለች። "ምን ባደርግለት ደስ ይለዋል?"

ናይቴ ሄዳ ተመለሰች። "'ምንም አይሥሩ' አለ። 'እሁድ መዝሙሩ ሳያልቅ አይውጡብኝ' አለ። 'ቆሜ ስመራ ይዩኝ።'"

 ለካ ሌሲኤሊ በየእሁዱ መዘምራኑ ሊጀምሩ ሲሉ ምሳ ልታወጣ ተነስታ ትሄድ ነበር። ወንድሟ ሲመራ እስከ መጨረሻው ተቀምጣ ያየችበትን ቀን ማስታወስ አልቻለችም። እሱ ግን ጀርባዋን እያየ ኖሯል።

በዚያ እሁድ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ተቀመጠች። ፌኪ ወንበሩን በእጁ ገፋ አድርጎ በሁለት እግሩ ቆመ። ክንዱን ሲያነሳ መዘምራኑ ጣራውን ሊያነሱት ደረሱ። መዝሙሩ ረጅም ነበር፤ እሱ ግን አልተቀመጠም። ሌሲኤሊ እስከ መጨረሻው እያለቀሰች ሰማችው።

ሲወጡ ከወደ ጓሮዋ የመረረ ጭስ እየመጣ ነበር። ጠዋት እንደ ልማዷ የቀበረችው ምሳ አርሯል፤ በሕይወቷ የመጀመሪያው ነው። ሴቶቹ ከበው ቀለዱባት።

"ሌሲኤሊ ምሳ አቃጠለች! ዛሬ ምን ልታበይን ነው?"

"የምታበሉኝ እናንተ ናችሁ" አለች ሌሲኤሊ ዓይኗን እየጠረገች። "እኔ ወንድሜን ዕድሜ ልኬን አበላሁት። ምን እንደሚፈልግ የጠየቅሁት ግን በዚህ ሳምንት ነው። እናንተ እንደኔ አትዘግዩ።"